ሦስት ለሁለት ሦስተኛ ሲካፈል

«ስንተኛ እንደ ወጣ የማያውቅ ልጅ ቤቱ ሲገባ ምን ብሎ ነው የሚያወራው?» አሉ ጋሼ ወልደ ሥላሴ የሸሚዛቸውን እጅጌ እየቆለፉ። ይህንኑ ጥያቄ ከነጋ ሦስተኛ ጊዜ መጠየቃቸው ነው።

«የተማረውን ያወራል» አለ ሕዝቅያስ።

«ለማን? ለእናቱ? እናቱ ከሁለት ሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ‹ስንተኛ ወጣህ?› ነው የምትለው። ‹እማዬ፣ ዛሬ ስህተቴን አሳምሬ አስረዳሁ› ብሎ ይመልስላት?»

«ቢላት ምን አለበት?»

«አትቀልድብኝ ሕዝቄ።»

«እየቀለድኩ አይደለም ጋሼ።»

«እሱ ነው የባሰው!»

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበወርቅ እንቁላል እየጠበሱ ነበር። በጠቡ አልገቡም፤ ግን መጥበሻውን ከሚያስፈልገው በላይ ያንኳኩታል። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጃቸው ሊና የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ኮርንፍሌክሷን ትበላለች፤ ማንኪያው አፏ ከደረሰ በኋላ ማኘኳን ለአፍታ ታቆማለች፤ የሚሉት እንዳያመልጣት ይመስላል። ቤቱ ግራንድ ፕሬሪ ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ ወዲህ፣ በወር አምስት መቶ ስድሳ ዶላር የሚከፈልበት ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነው። ማብሰያው፣ መብያውና ሳሎኑ አንድ ላይ ስለሆኑ አንዱ ተቆጥቶ ሌላው ዘወር የሚልበት ቦታ የለም። ሕዝቅያስ ማታ የተኛበት ሶፋ እንኳ ገና አልታጠፈም፤ አንሶላው ላይ የልጆቹ የፈተና ወረቀቶች ተበትነዋል።

ጋሼ ወልደ ሥላሴ የሕዝቅያስ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ግን ሥራቸው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ የፓርኪንግ መውጫ ላይ ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት መቀበል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ያገሩን ሰው ልጆች ሰብስበው ሒሳብ ማስተማር የጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ አራት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው መስከረም የሥራ ፈረቃቸው ወደ ቅዳሜ ከሰዓት ሲዛወር ክፍሉን ለሕዝቅያስ አስረከቡ። ሕዝቅያስ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ አርሊንግተን ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ከሆነ ሁለተኛ ዓመቱን እየጨረሰ ነው። ልጅ ሳለ ማባዣውን በማስመሪያ እያስፈራሩ ያስጠኑት እኚሁ አጎቱ ነበሩ። ስለዚህም ርክክቡ ዕቃ ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሌላው እንደ ማዛወር ቀላል መስሏቸው ነበር።

ዛሬ የዓመቱ መዝጊያ፣ የወላጆች ቀን ነው። የወላጆች ኮሚቴ ሐሙስ ዕለት በስልክ ተነጋግሮ ደረጃ ይነበብ ብሏል፤ እንደ አገር ቤቱ፣ ግን ከአንደኛ እስከ መጨረሻው። ሕዝቅያስ ደግሞ በመጀመሪያው ቅዳሜ ለአሥራ አራቱ ልጆች ቃል ሰጥቷቸዋል።

«ጋሼ፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ» አለ አሁንም። «እዚህ ክፍል ማንም ስንተኛ አይባልም ብያቸዋለሁ። ዛሬ ካነበብኩ ከዛሬ በኋላ አፋቸውን አይከፍቱልኝም።»

«አፍ ለመክፈት ነው የሚመጡት? ለመማር ነው!» ጋሼ ወልደ ሥላሴ እጃቸውን ዘረጉ። «አንተ አታንብብ። መዝገቡን አምጣ፣ እኔው እደምረዋለሁ፣ እኔው አነበዋለሁ።»

መዝገቡ ሶፋው ላይ ወረቀቶቹ ሥር ነበር። ሕዝቅያስ ትምህርት ቤት ረስቼዋለሁ ሊል ይችል ነበር፤ ሊና እያየችው ስለሆነ አላለም። አንሥቶ ሰጣቸው።

እንቁላሉ ተበላ። ጋሼ ወልደ ሥላሴ ሰሃናቸውን ገፋ አድርገው፣ ጠረጴዛውን በናፕኪን ጠርገው፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ስምንት ወር፣ በወር አንድ ፈተና፣ አሥራ አራት ልጅ። ካልኩሌተር አልፈለጉም። ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ድምሩን በቀይ እስክሪብቶ ይጽፉና ለማረጋገጥ ከታች ወደ ላይ ይመለሳሉ። ለሕዝቅያስም ያስተማሩት እንዲሁ ነበር፤ ዛሬም እሱ ራሱ ሲደምር እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ሶፋውን እያጠፈ በጎን ያያቸዋል። አሥራ ሁለተኛው፣ የሊና ስም ላይ ሲደርሱ ፍጥነታቸው እንዳልተለወጠ አየ። የመጨረሻውን ከደመሩ በኋላ ግን ወደ እሷ መስመር ተመልሰው እንደገና ደመሩት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ እንደገና ከላይ ወደ ታች። ከዚያ እስክሪብቶውን ከድነው፣ መዝገቡን ዘግተው፣ ጢማቸውን ሊላጩ ገቡ።

እትዬ ዘነበወርቅ ሕዝቅያስን ኮሪደሩ ላይ ያዙት። የነርሲንግ ሆሙን፣ የአረጋውያን መጦሪያውን፣ ሥራ ለዛሬ በሌላ ሰው አስይዘው፣ ነጭ ቀሚሳቸውን ተኩሰው ተዘጋጅተዋል።

«ሊና እንዴት ናት?» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጎበዝ ናት እትዬ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ሕዝቅያስ ወደ መታጠቢያ ቤቱ በር አየ።

«መጨረሻ ናት እንዴ?» ከመታጠቢያ ቤቱ የውሃ ድምፅ ይሰማል። «አንተ ልጅ፣ አባቷ እኮ ነው የሚያነበው። ያን ሁሉ ሰው ፊት። ካንዱ ፈተና ላይ አንድ አምስት ማርክ ጣል ብታደርግላት ማን ያውቃል? ልጁ ቢኮርጅ ነው ኃጢአቱ፣ አስተማሪው ቢጨምር ምን አለበት?»

«ጋሼ ደምረው ጨርሰዋል።»

«ተሳስቻለሁ በለው። አንተ ስህተት ትወድ የለም?»

ይህቺን ሲሉ ሳያስቡት ፈገግ አሉ፤ እሱም ፈገግ አለ። ነገር ግን አልጨመረም። ላለመጨመሩ የሚሰጠው ምክንያት ለእሳቸው የሚገባ አልመሰለውም፤ ለሊና አምስት ማርክ ከጨመረ ደረጃ የሚባለውን ነገር እሱም አመነበት ማለት ነው፤ አንድ ሌላ ልጅም በእሷ ቦታ አሥራ አራተኛ ይሆናል። «አልችልም እትዬ» ብቻ አለ። እሳቸውም ጉንጩን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ እንደ መምታትም እንደ መዳበስም አድርገው አለፉት።

አዳራሹን ለማሰናዳት ሕዝቅያስና ሊና ቀድመው ወጡ። ሰኔ ገና መግባቱ ቢሆንም የመኪናው ወንበር ያቃጥላል። ሊና ጉልበቷ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛለች፤ ውስጡ ከእናቷ የወጥ ቤት ዕቃ መካከል የወሰደችው የዱቄት መለኪያ ኩባያና አንድ እሽግ ውስጣቸው የሚታይ የፕላስቲክ ብርጭቆዎች አሉ። ጥግ ካለው ግሮሰሪ ቆመው አንድ ጋሎን የፖም ጭማቂ በሁለት ዶላር ከዘጠና ዘጠኝ ገዙ።

«ላስት ነኝ አይደል?» አለች ሀይዌዩ ላይ ከወጡ በኋላ።

«ማን አለሽ?»

«ዳዲ የእኔን ሁለቴ ደመረው። የሌላውን ሰው አንድ ጊዜ።»

«ቃሌን አልጠበቅኩም፣ ይቅርታ።»

«አንተ አይደለህም፣ እሱ ነው የሚያነበው» አለችና መስኮቱን ከፈተች። የመኪናው ማቀዝቀዣ ከሠራ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ሊና ሰነፍ አልነበረችም። ሕዝቅያስ ይህን ለማወቅ አራት ወር ፈጅቶበታል። ፈተና ላይ ከአሥሩ ጥያቄ አምስቱን ሳትነካ ታስረክባለች፤ ስንፍና መስሎት ነበር። በኋላ ጎኗ ተቀምጦ ሲያይ፣ አንዱ ጥያቄ ላይ ከተጣበቀች ሰዓቱ እስኪያልቅ አትላቀቅም። ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል ሲመጣ ሌሎቹ ልጆች ሁለተኛውን ገልብጠው እያባዙ ገጹን ሲጨርሱ እሷ አልገለብጥም አለች። ለምን እንደሚገለበጥ ማንም አልነገረኝም አለች። በመጨረሻው ፈተና ስድስተኛው ጥያቄ ሦስት ለሁለት ሦስተኛ ሲካፈል የሚል ነበር። ሙሉውን ሰዓት እሱ ላይ አጠፋችው፤ ሥዕል ሣለች፤ መልሷ አራት ከሲሶ ሆነ። ትክክለኛው አራት ተኩል ነው። ሕዝቅያስ ወረቀቷን ቅዳሜ ማታ ካየ በኋላ እሑድም ሰኞም አስቦበታል፤ ኤክስ ሊያደርግበት አልቻለም። ጠርዙ ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ ምን አሰብሽ?» ብሎ ጻፈ። ማርኩን ግን አልሰጣትም፤ መዝገቡ ላይ ዜሮ ነው።

አስተማሪነቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቅዳሜ ላጲሶቹን ሁሉ ሰብስቦ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተታቸው። የተሳሳተ ነገር አይጠፋም፤ አንድ መስመር ተሰርዞበት እንደሚነበብ ሆኖ ይቆያል፤ ትክክለኛው ከሥሩ ይጻፋል። በሳምንቱ ከሠሩት ስህተት የወደዱትን አንድ ይዘው ይመጣሉ፤ ባለቤቱ ሰሌዳው ላይ ይጽፈዋል፤ ሌሎቹ እንዴት አስቦ እዚያ እንደ ደረሰ ያጣራሉ። ሦስት ሳምንት ማንም ስህተት ይዞ አልመጣም። ልጆቹ በጋሼ ወልደ ሥላሴ ጊዜ የተሳሳተ ቆሞ እንደሚቆይ ያውቃሉ። በአራተኛው ሳምንት ግማሽና ሲሶ ሲደመር ሁለት አምስተኛ ነው ብሎ የጻፈው ዮኒ እጁን አወጣ። «በመጀመሪያው ግማሽ ጌም ከሁለት ሹት አንድ አገባሁ፣ ከዚያ ከሦስት አንድ አገባሁ፣ ሶ ከአምስት ሁለት ነው። እኔ ራይት ነኝ» አለ። ሕዝቅያስ አንድ ሙሉ ሰዓት ስለ ቅርጫት ኳስ አወራ፤ ራሱም መጀመሪያ ላይ ልጁ የት ጋ እንደ ተሳሳተ ቶሎ ማስረዳት አቅቶት ነበር፤ እንዳቃተውም ነገራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ዝም ብሎ አያውቅም። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ጩኸቱን ከፓርኪንጉ ይሰሙታል፤ አንዳንዶቹ ክፍሉ አስተማሪ የሌለው ይመስላቸዋል።

አዳራሹ ከአንድ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በሰዓት ሃያ አምስት ዶላር የሚከራይ ነው። ታጣፊ ወንበሮቹን ዘርግተው፣ ሰሌዳውን ገፍተው፣ ጭማቂውን ከጠረጴዛው ላይ አኑረው ሲጨርሱ ሰው መግባት ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ ሞላ። ሳምቡሳ በአሉሚኒየም ትሪ፣ ፒዛ በካርቶን፣ ሶዳ በበረዶ ባልዲ መጣ። ልጆቹ ከፊት ሁለት ረድፍ ተቀመጡ። ጋሼ ወልደ ሥላሴ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ መዝገቡን ብብታቸው ሥር ይዘው ከእትዬ ዘነበወርቅ ጋር ገቡ። ሰው ሁሉ ብድግ አለላቸው። «መምህር፣ ወዲህ፣ ከፊት፣ ከፊት!» ተባሉ። በሥራ ቀናቸው በመስታወት ክፍሏ ሥር የሚያልፍ ሰው ሁሉ ፊታቸውን ሳያይ እጃቸው ላይ ቲኬት ያስቀምጣል፤ እዚህ ግን መምህር ናቸው። ሕዝቅያስ ይህን ሲያይ ከጠዋቱ ጠብ የቀረው ንዴት መሄጃ አጣ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኃይለ መስቀል ታክሲ ነጂ ናቸው፤ ስብሰባ ሲመሩም ተሳፋሪ እንደሚያደርሱ ያህል ይቸኩላሉ። ፕሮግራሙ ላይ ልጆቹ ስህተታቸውን ያስረዳሉ የሚለው ከደረጃው ቀድሞ ተጽፎ ነበር።

«ይህ ይቆየን» አሉ ወረቀቱን ራቅ አድርገው እያዩ። «ማለቴ ስህተት በየቤታችን ሞልቷል። መጀመሪያ ደረጃው ይነበብልን።»

ሰው ሳቀ። የዮኒ እናት ሲስተር ፋንታዬ ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። ሌሊቱን ሆስፒታል አድረው በቀጥታ ነው የመጡት፤ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ አልለወጡም።

ጋሼ ወልደ ሥላሴ ተነሡ። ሕዝቅያስ ልጆቹን ላለማየት ሰሌዳውን ያጠፋ ጀመር፤ ሰሌዳው ላይ ምንም አልተጻፈም።

«አንደኛ፣ ዮናታን ምናሴ።» ጭብጨባ። «ሁለተኛ፣ ህይወት ኃይለ መስቀል።» ጭብጨባ። ሦስተኛው ክርስቲያን ነበር። አገር ቤት ቢሆን እነዚህ ሦስቱ ሽልማት ተቀብለው ሌላው በካርዱ ላይ ያየዋል፤ እዚህ ግን እስከ መጨረሻው ተብሏል፤ ቀጠሉ። ስምንተኛው ላይ ጭብጨባው ሳሳ። አሥረኛው ላይ የሚያጨበጭበው የልጁ አባት ብቻ ነበር፤ እሱም ሁለት ጊዜ አጨብጭቦ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። አሥራ ሦስተኛ የተባለው ልጅ ጫማውን ያስር ጀመር። የጋሼ ወልደ ሥላሴ ድምፅ ከመጀመሪያው አልቀነሰም፣ አልጨመረም።

«አሥራ አራተኛ፣ ሊና ወልደ ሥላሴ።»

የራሳቸውን ስም እንደ ማንም ሰው ስም ጠሩት። ከዚያ መዝገቡን ዘግተው፣ «ያለው ይኸው ነው» ብለው ተቀመጡ። እትዬ ዘነበወርቅ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ፤ ባላቸውን አላዩም፣ ባላቸውም እሳቸውን አላዩም። ባልዲው ውስጥ በረዶው ሲንሸራተት ተሰማ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል፣ «መምህር ሕዝቅያስ፣ ያንተን ቶሎ ቶሎ እናድርገው፣ ሳምቡሳው እየቀዘቀዘ ነው።»

ሕዝቅያስ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ማን ይጀምር?» አለ። ዮኒን አየው፤ ዮኒ ሌላ ጊዜ ሳይጠራ የሚወጣ ልጅ ነው፤ አሁን እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጎጦ ወለሉን ያያል። አንደኛ የተባለ ልጅ ስህተቱን ሊያሳይ አይወጣም፤ አሥረኛ የተባለውም አይወጣም። ህይወት ወረቀቷን በአራት አጥፋ ከጭኗ ሥር አስገባች። ስምንት ወር ሙሉ ሲጮህ የነበረው ክፍል ይህ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከኋላ ወንበሮች መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ አንድ ሰው የፒዛውን ካርቶን ከፈተ።

«ክርስቲያን?» አለ። ክርስቲያን ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ ካልፈለጋችሁ…»

«እኔ ልጀምር» አለች ሊና። ተነሣች። «ላስት ነኝ፣ ሶ ከዚህ በታች አልወርድም።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ሌላው ሊስቅ ፈልጎ ወደ አባቷ አየ። ሊና ግን ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ከረጢቷን ዘረገፈች። ብርጭቆዎቹ ላይ በጥቁር ማርከር መስመር አድርጋባቸዋለች። እያሳየች፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ እንዲህ አለች፤ ይህ ኩባያ አንድ ነው፤ እኔ ሦስት ኩባያ ጭማቂ አለኝ፤ የእያንዳንዱ ብርጭቆ መስመር የኩባያው ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ጥያቄው ስንት ብርጭቆ ይሞላል ነው። ከጋሎኑ ኩባያውን ሦስት ጊዜ ብቻ እየሞላች፣ አንዱን ብርጭቆ እስከ መስመሩ ሞላች፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ከዚያ ኩባያውን ከፍ አደረገች። የቀረው ጭማቂ ሲሶው ላይ ካለው ምልክት ልክ ደርሷል።

«አራት ብርጭቆ። ሲሶ ቀረ። ሶ አራት ከሲሶ። ይህን ነው የጻፍኩት። ሮንግ ነው ተባለ። ግን አየሁት እኮ፣ ሲሶ ነው!»

«ሲሶ ነው እኮ፣ ይታያል» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል ከተቀመጡበት ተንጠራርተው።

«አራት ተኩል ነው» አለ ዮኒ ሳያስበው።

«ለምን?» አለችው ሊና።

«ገልብጠሽ ታባዢዋለሽ።»

«እሱን አውቃለሁ። ለምን ተኩል ሆነ? ተኩሉ የታለ?»

ዮኒ ወደ እናቱ ዞሮ አየ፤ ሲስተር ፋንታዬም ተነሥተው መጡ፤ አንደኛ የወጣ ልጃቸው ሊረታ መሆኑ አላስቀመጣቸውም። ሁለተኛው ረድፍ ተነሣ። ሕዝቅያስ ሊናገር ፈልጎ ተወው፤ ወደ ሰሌዳው ሸሽቶ ቆመ። ሲሶ ነው፣ ተኩል ነው የሚሉት እየበዙ ሄዱ። አንድ አባት ካልኩሌተር ካለበት የእጅ ሰዓቱ ጋር ይታገላል።

«ምን ያጨቃጭቀናል፣ መምህር እያሉ!» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል። «መምህር፣ ይፍረዱን።»

ጋሼ ወልደ ሥላሴ መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

«ተኩል ነው» አሉ።

«ለምን ዳዲ?»

«ሁለተኛው ይገለበጣል፣ ይባዛል። ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ፣ ለሁለት አራት ተኩል።»

«ለምን ይገለበጣል?»

ሕዝቅያስ አጎቱን ያውቃቸዋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ልጅ «ሕጉ ነው፣ ተቀመጥ» ነበር የሚባለው፤ እሱም ተብሎ ያውቃል። ይህችኛዋ ግን ቆማለች፣ አትቀመጥም፣ አሁን ከመጨረሻ ወዲያ የምትወርድበት ስለሌለ የምትፈራው ነገር የላትም። እሳቸው ኩባያውን ከእጇ ወሰዱ። ሲሶውን ምልክት አዩ። አምስተኛ፣ ባዶ ብርጭቆ ሳቡና የቀረውን ጭማቂ ቀስ ብለው ገለበጡበት። ከዚያ ሱፋቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዓይናቸው ከብርጭቆው እኩል እስኪሆን ድረስ ጎንበስ አሉ። ጭማቂው ከሥር እስከ ጥቁሩ መስመር ካለው ልክ መሐሉ ላይ ቆሟል። እንዲያ ጎንበስ እንዳሉ ብዙ ቆዩ።

«ግማሽ ዶዝ!» አሉ ሲስተር ፋንታዬ ከላያቸው። «የምትቆጥሪው ጠርሙሱን እኮ አይደለም ልጄ፣ ዶዙን ነው፣ በሽተኛው አንዴ የሚወስደውን! ከጠርሙሱ ሲሶ ነው፣ ከዶዙ ግን ግማሽ ነው። ቀን ከሌት የምንሠራው እሱን አይደል!»

«ሶ ሁለቱም ራይት ነው?» አለች ሊና።

«የለም፣ ጥያቄው ስንት ብርጭቆ ነው የሚለው» አሉ ሲስተር ፋንታዬ።

«የለም፣ ስንት ቀረ ነው!» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል።

«ማን ቀረ አለ? አቶ ኃይለ መስቀል፣ እርስዎ ታክሲዎን ይንዱ!»

«እኔማ በታክሲው ቆጣሪ ነው የምቆጥረው፣ ማይሉን ተይው፣ አንዷ ጠቅ ስንት ናት ነው ነገሩ…»

ዮኒ ጠረጴዛው ላይ በክርኑ ተደግፎ ብርጭቆውን እያዞረ፣ «ኦኬ፣ ግን መገልበጡስ? ለምን ይሠራል?» አለ። ሊና «እሱን ገና አላወቅኩም» አለችው። ህይወት ከጭኗ ሥር ያስገባችውን ወረቀት አውጥታ ጀርባው ላይ ትሥላለች፤ አሥራ ሦስተኛ የተባለው ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ከላይ ያያል። እትዬ ዘነበወርቅ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ኩባያዬን የወሰደው ማነው እያሉ፣ እሳቸውም እንደ ሌላው ብርጭቆው ላይ አጎንብሰዋል። ልጆቹ «ሌላ ስጠን፣ ሌላ ቁጥር!» እያሉ ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

ሕዝቅያስ ማርከሩን ሲያነሣ ጋሼ ወልደ ሥላሴ ቀና ብለው እጃቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አየ። ሰዓታቸውን ተመለከቱ። የሥራ ሰዓታቸው ደርሷል። በሰው ጀርባ ዞረው፣ ባልተነካው የሳምቡሳ ትሪ አጠገብ አልፈው፣ በጎን በር ወጡ። በሩ ሲከፈት የቀትር ፀሐይ ወለሉ ላይ ገባ፤ ተመልሶ ሲዘጋ ማንም ዞር አላለም። ሕዝቅያስ ሰሌዳው ላይ አራት ለሦስት አምስተኛ ሲካፈል ብሎ ጻፈ። ከውጭ የአጎቱ ቶዮታ ሁለት ጊዜ አልነሣ ብሎ በሦስተኛው ተነሣ፤ ከፓርኪንጉ ወጥቶ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ታጠፈ።